ቀጥ ብሎ የቆመው ሰውዬ

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአገኘሽ ዳልጮ
ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ

ከኩልፎ ወንዝ ማዶ የተነሣ ሰላምታዬ አገር ላገር ዞሮ በጤና ያግኝሽ። ከብርዱም፣ ከማታውቂው ሰው ክፋትም አምላክ ይሰውርሽ። እኔ አጎትሽ ካሱ፣ ጨንቻ ያሉት እናትሽና አባትሽ፣ ሲቀላ ያለው ጎረቤት ሁሉ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ወሬ ብቻ ነበር።

ወሬሽም መጣ፤ ምነው በቀረ አሰኘኝ እንጂ። ደብዳቤሽን አቶ ጀይሉ ከፖስታ ሣጥኑ አምጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰጠኝና እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። «የሞተ ሰው ክንድ ይዤ ክርኑን አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት» የሚለው ጋ ስደርስ ክው አልኩ። ጀይሉ መርዶ መስሎት ወንበር አወጣልኝ። ሚስቱ ዙሁራም ውሃ ይዛ ብቅ አለች። ምን ልበላቸው? ሐኪም ትሆናለች ብለን የላክናት ልጅ ሬሳ ታገላብጣለች ልበል? ብርድ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። እህቴን አውቃታለሁ፤ ብትሰማ ሳምንት ሙሉ እህል አትቀምስም። ለአባትሽ ግን ቅዳሜ ጨንቻ ወጥቼ ነገርኩት። ሸማ ሥራው ላይ ነበር። መወርወሪያውን አስቀመጠና ቀኝ ክንዱን ሁለት ሦስቴ አጥፎ ዘርግቶ አየው። ከዚያ «ውስጡ ምን አለ አለችህ?» አለኝ። ሬሳው አላስደነገጠውም፤ የገረመው ልጁ የውስጡን ማየቷ ነው።

እኔም የእሱኑ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሠላሳ ዓመት በወጌሻነት ስኖር የሰው አጥንት ያየሁት በጣቴ ብቻ ነው። አራት ዓመት እቤቴ ሆነሽ ስትማሪ የቀርከሃውን ስንጣሪ ታቀብዪኝ ስለነበር ታውቂያለሽ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው። ትከሻ ለምን ዙሪያውን ይዞራል? ጉልበት ለምን ወደ አንድ በኩል ብቻ ይታጠፋል? የአውራ ጣትስ ነገር ምንድን ነው? መጽሐፉ የሚለውን ጻፊልኝ። ብር አልልሽም፣ ኮት አልልሽም፣ የምፈልገው ይሄንን ነው። የተሳሳትኩት ካለም አትፍሪኝ፤ ንገሪኝ።

አባትሽ እንደ ልማዱ ከታች አንድ መስመር ይጽፍልሻል። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ፊደል እንዳይጠፋኝ ነው ይላል፤ እኔ ግን ለሌላ ነው የምለው።

አጎትሽ ካሱ

ልጄ፣ ጋቢሽን ጀምሬአለሁ። ለብርዱ ይሆንሻል። አባትሽ ዳልጮ።


ፕሎቭዲቭ፣ ኅዳር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ካሱ

እንደምን ሰነበቱ? ከሁሉ በፊት እጅዎ ጤና ይሁን። የእርስዎ እጅ ጤና ሲሆን የስንቱ እጅና እግር ጤና እንደሚሆን ስለማውቅ ነው ከዚያ የጀመርኩት። እኔ ደህና ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ለሊሴ፣ የነቀምቷ ልጅ፣ እርስዎን ሳታውቅ ሰላም ብላለች።

በሬሳው ስላስደነገጥኩዎ ይቅርታ። እኔም የመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ግን ጋሼ፣ ክርኑን ሳጥፈው የባሰ የደነገጥኩት ሌላ ነገር አይቼ ነው። ሰውየው የለም፣ መታጠፊያው ግን ሥራውን አልረሳም። እጁ ወደ አፉ ሄደ።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የራስ ቅል ብዙ አጥንት ነው፤ እንደተሰፋ ቅል ጥርስ ለጥርስ ተያይዟል፣ አይንቀሳቀስም። ትከሻና ዳሌ ሙቀጫና ዘነዘና ናቸው። የዘነዘናው ራስ ድቡልቡል ስለሆነ በፈለጉበት ይዞራል። የትከሻው ሙቀጫ ገባ ያለ አይደለም፤ እርስዎ ጋ በየሳምንቱ የወለቀ ትከሻ የሚመጣው ለዚህ ነው። የዳሌው ግን ጥልቅ ነው፣ በቀላሉ አይወጣም። ክርን፣ ጉልበትና የጣት አንጓ የበር ማጠፊያ ናቸው፤ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ በቃ። አንገት ላይ ደግሞ አንዱ አጥንት በሌላው ላይ እንደ እንዝርት ይዞራል፤ «አይሆንም» ስንል የምንነቀንቀው በእሱ ነው። መዳፋችንን ስንገለብጥም ከክርን በታች ያለው አንዱ አጥንት በሌላው ዙሪያ ይሽከረከራል። የእጅ አንጓ ላይ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ኩልፎን በእግር ስንሻገር ጠጠሩ እንደሚንሸራተተው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ። አውራ ጣት ብቻውን ኮርቻ አለው፤ አጥንቱ ተፈናጦበታል፣ ወዲህም ወዲያም ይላል። እናቴ ጥጥ የምትፈትለው በዚያ ኮርቻ ነው። በየመካከሉም እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ ውሃ አለ።

አትፍሪኝ ስላሉኝ ደግሞ አንድ ነገር ልድፈር። ከመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ ክንዱን ወደ ታች ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ ፊት አድርጎ። ትምህርቱ ሁሉ ከእሱ ነው የሚጀምረው፤ የትኛውም መታጠፍ የሚለካው ከዚያ ሰውዬ ተነሥቶ ነው። ሥዕሉን በስስ ወረቀት አንሥቼ ልኬልዎታለሁ። እርስዎ ግን የተሰበረ ክርን ሁልጊዜ አጥፈው ነው የሚያስሩት። የተጎዳ ነገር በተፈጥሮ አቋሙ ላይ መታሰር አለበት ብዬ አምናለሁ። የክርን ተፈጥሮ ደግሞ እንደዚህ ሰውዬ መዘርጋት ነው። እንዳይቆጡኝ።

የአባባን መስመር ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ጋቢውን እጠብቃለሁ በሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአገኘሽ ዳልጮ

የገና ደስታ ዘግይቶም ቢሆን ይድረስሽ፤ መጪው ጊዜ በትምህርትሽ የምትመሰገኚበት ይሁን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዋዜማው ነው። አንብቤው ሦስት ቀን ስብከነከን ሰነበትኩ። አባቴ ያስተማረኝን፣ የእሱም አባት ያስተማረውን፣ ትናንት አፍንጫዋን የጠረግሁላት ልጅ ልክ አይደለም አለችኝ። በአራተኛው ቀን ግን ሙቀጫና ዘነዘናውን ሳስበው ሳቄ መጣ። ልክ ነሽ። ጣቴ ሲነግረኝ የኖረውን ነው አንቺ ስም ያወጣሽለት።

ሰውዬውን በምስማር ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ዙሁራ ለልጇ ወለምታ መጥታ አየችውና ፊቷን ሸፈነች፤ አንቺ ልጅ፣ እርቃኑን እኮ ነው የላክሽው። በእስክሪብቶ ሱሪ አለበስኩት።

አሁን የምነግርሽ ሌላ ነው። ቅዳሜ ጥር 3 ቀን ከጨንቻ ገበያተኛ ጭኖ የሚወርደው መኪና ቁልቁለቱ ላይ ተንገራገጨና አንድ ሰው ከላይ ወደቀ። በቀኝ ክርኑ ነው ያረፈው። ወደ እኔ ሲያመጡት ክርኑ ወልቋል፣ ጫፉም ተሰንጥቋል። ሳየው ደነገጥኩ። ቢሆንም መለስኩት፤ ገባ ሲል ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ እንደ ለመድኩት አጥፌ ላስረው ነበር፣ ብዙ ተነጋገርንና በመጨረሻ እንደ ሰውዬሽ ዘርግቼ አሰርኩት። አርባ ቀን ይቆያል።

ማን ነው አትበዪኝ። የቤታችንን ልማድ ታውቂያለሽ። የያዝኩት ሰው እስኪድን ወይም ተስፋው እስኪቆረጥ ድረስ ስሙ ከደጄ አይወጣም። አባቴ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላፈረሰውም።

እናትሽ ደህና ናት። አባትሽም ሰላም ይልሻል፤ ዛሬ መስመሩን ለመጻፍ አልተመቸውም። ጋቢው ትንሽ ይቆያል።

አጎትሽ ካሱ


አርባ ምንጭ፣ የካቲት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለአገኘሽ ዳልጮ

እግዜር ጉልበትና ማስተዋል ይስጥሽ፤ እኔ ዛሬ ሁለቱም አጥሮኛል። መልስሽ ስላልመጣ ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ አርባ ቀኑ ሞልቶ ሐሙስ ጠዋት ፈታሁት። አጥንቱ ገጥሟል። እብጠቱ ጠፍቷል። ቆዳው ንጹሕ ነው። «በል እጠፈው» አልኩት። ፊቱ ላይ ላብ መጣ፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩት። እየሞከርኩ ነው አለኝ። ዓይኑን ሳየው እውነትም እየሞከረ ነበር። አንድ ጣት ያህል ሄደና ቆመ።

ልጅቱ፣ የበር ማጠፊያ ነው አላልሽኝም? ይሄ በር ተቸንክሯል። ሰውየው ክንዱን እንደ ዱላ ይዞት ነው የሚሄደው። ሚስቱ ናት የምታጎርሰው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚጎርስላት። መወርወሪያ ቢያቀብሉት ይይዘዋል እንጂ ወደ ደረቱ አይመልሰውም። ሁለት ጊዜ የሥራ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ወጥቷል።

መምህርሽን ጠይቂልኝ። መልስ እስከ ፋሲካ ካልመጣ ቅቤ አሙቄ፣ አሽቼ፣ ጉልበቴን ክርኑ ላይ አድርጌ በግድ አጥፈዋለሁ። የተዘጋ በር ሌላ መላ የለውም።

እናትሽ ሰላም ብላለች።

አጎትሽ ካሱ


ፕሎቭዲቭ፣ የካቲት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ካሱ

ሰላምታዬ ይቅደምና ምርቃቱን ዛሬ ይለፉኝ።

የጥር ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። እዚህ የተቃውሞ ሰልፍና የዳቦ ወረፋ ሆኖ ከርሟል፣ ፖስታውም አንዴ ይሠራል አንዴ ይዘጋል፤ ግን ያልመለስኩት በእሱ አይደለም፣ ኮርቼ ነው። ለሊሴን ቀስቅሼ «አጎቴ በእኔ ሥዕል ሰው አሰረ» አልኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል አስገቡን። አንድ ክፍል ውስጥ ክንዳቸው በጀሶ የታሰረ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አምስቱም ክርናቸው ታጥፏል። ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ፣ ተመልሼም አየሁ። የተዘረጋ የለም። መምህሬን ለምን እንደ መጽሐፉ ሰውዬ አልታሰሩም አልኩት። ሳቀ። ያ ሰውዬ እኮ ለመለኪያ ነው የቆመው አለኝ፤ ከየት ተነሥተን እንደምንቆጥር ለመስማማት የተሳለ እንጂ ማንም ሕመምተኛ እንደዚያ ይረፍ ተብሎ አይደለም። ለአጎቴ ጽፌ ነበር፣ አጎቴም ሰው አስሮበታል ስለው ሳቁን አቆመ።

ከዚያ ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ። «ክርን ቶሎ ይደርቃል። መድረቁ ካልቀረም እጁ አፉ በሚደርስበት ይድረቅ።»

ጋሼ፣ ይህን የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ። አባትዎም፣ አያትዎም ያውቁት ነበር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ገጽ አይቼ ሠላሳ ዓመትዎን አፈረስኩት። እባክዎ ይህ እንደደረሰዎ ይፍቱት። ፈትተውት ከሆነ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ልማዱን አውቃለሁ፣ ግን ስሙን ይንገሩኝ። የማንን እጅ እንደያዝኩ ማወቅ አለብኝ።

አገኘሽ


ፕሎቭዲቭ፣ መጋቢት 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ካሱ

እግዚአብሔር ይህን ወረቀት ከፋሲካ በፊት ያድርስልኝ። ሌላ ምርቃት የለኝም።

የየካቲት ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ክፍል አልገባሁም። በቀጥታ ሄጄ በአቶ ጀይሉ ስም ቴሌግራም መታሁ፤ «ክርኑን በኃይል አትጫኑ» የሚል ብቻ ነው። ምክንያቱን እዚህ ልንገርዎ። የደረቀ ክርን በግድ ሲታጠፍ ሥጋው ይቀደዳል፣ የተቀደደው ቦታ ላይ አጥንት ይበቅላል። ዛሬ የተቸነከረው በር ያን ጊዜ በድንጋይ ይገነባል። ማሸትም ልክ እንደዚያው ነው። ቅቤም፣ ጉልበትም አያስነኩት።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። መወርወሪያ ይላል። ሚስቱ ታጎርሰዋለች ይላል። ከዚያ ከታች የአባባን መስመር ፈለግሁ። የጥር ወሩንም አውጥቼ አየሁ፤ እዚያም የለም። ጋቢው ይቆያል ብለዋል። አምስት ዓመት ሙሉ፣ እቤትዎ ስኖርም እዚህ ከመጣሁም ወዲህ፣ ያቺ መስመር ቀርታ አታውቅም።

አንድ ነገር ጠርጥሬአለሁ። ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። በጨንቻ ሸማ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው እያልኩ ነው የዋልኩት።

ይንገሩኝ።

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአገኘሽ

ልብሽን አምላክ ይደግፈው። ተቀምጠሽ አንብቢው።

አባትሽ ነው። ዳልጮ ነው።

ስሙን ጠራሁት። አባቴ ስም የሚጠራው ሰውየው ሲድን ወይም ተስፋው ሲቆረጥ ነው ይል ነበር። ድኖ አይደለም የጠራሁት።

ያን ቅዳሜ ወደ ገበያ የወረደው ያንቺን ጋቢ ጠርዝ የሚያደምቅበት ቀለም ያለው ክር ሊገዛ ነው። ሰዎች ደግፈው በደጄ አስገቡት። ክርኑን መለስኩት። ክንዱን አጠፍኩት፣ የጨርቁን የመጀመሪያ ዙር አዞርኩ። እሱ ግን ግድግዳው ላይ ሰውዬሽን እያየ ነበር።

«ካሱ፣ ፍታው» አለኝ። «ልጄ ያለችውን አድርግ።»

ልጅ ናት እኮ አልኩት። ገና መጀመሪያው ዓመቷ ነው፣ የእኔ ጣት ሌላ ነው የሚለኝ አልኩት። አልሰማኝም። «አንተም እኔም ያላየነውን አይታለች» አለ። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ? የሚኮራበትን ነገር ከእጁ ልንጠቅ? ፈታሁት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ጣቴ እያወቀ አፌ እሺ አለ። ስለዚህ ጥፋቱን ብቻሽን እንዳትሸከሚው፤ ሦስታችንም አለንበት።

አንቺ እንዳትሰሚ ያስማለኝም እሱ ነው። መስመሩ የቀረችው ግራ እጁ ፊደል ስለማያውቅ ነው። ሞክሮ ነበር፤ እናትሽ ወረቀቱን ደብቃዋለች።

ቴሌግራምሽ ነገር አዳነ። ፋሲካን አልጠበቅኩም ነበር። ቅቤው ሞቋል፣ እናትሽ ከኋላ ትከሻውን ይዛለች፣ ጉልበቴን ክርኑ ላይ አሳርፌአለሁ፤ ጀይሉ ሱቁን ዘግቶ በጋሪ መጣና ወረቀቱን ከበር ላይ ሆኖ ጮሆ አነበበው። ጉልበቴን አነሣሁ። አንድ ትንፋሽ ሲቀረኝ ነው የደረሰው። ቆይቶ የመጡትን ሁለቱን ደብዳቤሽን ደግሞ ለአባትሽ አነበብኩለት። «እጁ አፉ በሚደርስበት» የሚለውን ሁለቴ አስደገመኝ።

ሥዕሉን ከግድግዳ ላነሣው ስል ተቆጣኝ። ተወው አለ። ከዚያ ያለውን እንዲህ ብለህ ጻፍላት ብሎኛል፤ «ሌላ ሥዕል ላኪልኝ። ክንዱ የታጠፈ ይሁን። እሱን እንከተላለን።»

አጎትሽ ካሱ


ፕሎቭዲቭ፣ ግንቦት 1 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአባቴና ለአጎቴ

ሰላም ለሁለታችሁም፤ ለእናቴም። ሌላ ቃል ብጽፍ ይበላሽብኛል።

ደብዳቤውን ደረጃ ላይ ሆኜ ነው የከፈትኩት። ተቀምጠሽ አንብቢ የሚለውን ሳየው እዚያው ተቀመጥኩ። ለሊሴ ማታ ስትመጣ ነው ያገኘችኝ። ሁለት ቀን ልብሴን በሻንጣ አስገብቼ ነበር። ሐኪም የምሆንበት ፊት የለኝም አልኳት። እሷ ለሊሴ ናት፣ አታባብልም፤ «ሰውየው እኮ ነይልኝ አላለም፣ ሥዕል ላኪልኝ ነው ያለው» አለችኝ። ሻንጣውን ፈታሁ።

ሥዕሉ ይኸው። ከመጽሐፍ አልገለበጥኩትም፤ መምህሬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው የሳልኩት። አራት ነው፤ እጁ ከጭን ሲነሣ፣ ወገብ ጋ፣ ደረት ጋ፣ አፍ ጋ። ሱሪም አለው። መምህሬ እያንዳንዱን አይቶ ከታች ፈርሟል።

በመጀመሪያ አባባ ሆስፒታል ሄደው ራጅ ይነሡ፤ አጥንቱ መግጠሙን ሳያረጋግጡ እንዳይጀምሩ። ከዚያ ጠዋትና ማታ ክንዱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ከውሃው ሲወጣ አባባ ራሳቸው፣ በራሳቸው ጉልበት ብቻ፣ እስከሚችሉበት ያጥፉት፤ ሲያማቸው ያቁሙ። አሥር ጊዜ ይበቃል። ማንም አይጎትተው። ቀን ቀን መሄዱ አይታይም፤ በወር አንዴ ነው የሚለካው። መዳፋቸውንም ይገልብጡ፣ ያቺ የምትሽከረከረዋ አጥንት እንዳትረሳ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ይማሉልኝ። ሥዕሉን ከማየትዎ በፊት ጣትዎን ክርኑ ላይ ያሳርፉ። ጣትዎ እምቢ ካለ የእኔን ወረቀት ይተዉት፣ ይጻፉልኝም።

አባባ፣ አልችልም ይቅርታ ማለት። በሚቀጥለው እሞክራለሁ።

አገኘሽ


አርባ ምንጭ፣ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለአገኘሽ ዳልጮ

የመስቀል ችቦ ብርሃን አንቺም ጋ ይድረስ፤ ዘመኑ ካለፈው የቀለለ ይሁንልሽ። ክረምቱን ሙሉ አለመጻፌ አባትሽ ከልክሎኝ ነው። «ራሴ እስክጎርስ ድረስ እንዳትጽፍላት» ብሎ አፌን ዘጋው። ስትጨነቂ እንደከረምሽ አውቃለሁ፤ እናትሽም በዚህ አኩርፋን ነበር።

ራጁን ተነሥቷል፤ አጥንቱ ገጥሟል ብለውታል። ምዬልሽ እንደሆነ ቁጠሪው፣ ያልሽኝን አደረግሁ፤ መጀመሪያ ጣቴን ነው የጠየቅሁት፣ ከዚያ ወረቀቱን አየሁ። ተስማሙ። በሰኔ እጁ ወገቡ ጋ ደረሰ። በሐምሌ ደረቱን ነካ። በነሐሴ ቆመ፤ አንድ ወር ሙሉ ፈቅ አላለም፣ እኔም ተስፋ ቆርጬ ፊቴን ለመደበቅ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ ልገዛ ነው እያልኩ ስወጣ ነበር። እሱ ግን አሥሯን አላጎደለም።

የመስቀል ዕለት ጨንቻ ሁላችንም ተሰብስበን ሥጋው ቀረበ። እናትሽ ልታጎርሰው ስትል እጇን መለሰ። ቆርሶ አነሣ። እጁ አገጩ ሥር ደርሶ አራት ጣት ሲቀረው ተቸነከረ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እየላመጠ ነው። አንገቱን አጎንብሶ አፉን ወደ እጁ ወስዶታል። አንገት ይዞራል ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ሞኙ አምስት ወር ክርኑን ብቻ ሳይ ነበር። እናትሽ ተነሥታ ወጣች። ደጅ ሆና ስታለቅስ ሰማናት።

መወርወሪያውን እንደ ድሮው አይጥለውም። ከእንግዲህም የሚጥለው አይመስለኝም፤ ይሄንን አልዋሽሽም። በዝግታ፣ ከወገቡ እየዞረ ነው የሚሠራው። የሰው ሥራ መቀበል ትቷል። አንዱን ግን ጨርሶታል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሻል። ግማሹ የተሠራው ከመውደቁ በፊት ነው። ግማሹ ከዚያ በኋላ ነው፤ ክሩ እዚያ ላይ ይላላል፣ ጠርዙም ይወላገዳል። ፈትቼ ላስተካክለው ብዬው ነበር፣ አይነካም አለ። የቱ ጋ እንደሆነ መብራት ሳታበሪ በጣትሽ ታገኚዋለሽ።

ከታች ያለውን ሲጽፍ አልረዳሁትም። ወረቀቱን እንኳ የያዘለት የለም።

አጎትሽ ካሱ

ልጄ፣ ይህን በቀኜ ነው የጻፍኩት። መጽሐፉ ስለ ጉልበት ምን ይላል? የእኔ ይቆረጥመኛል። አባትሽ ዳልጮ።